የፍቅር ታሪክ በጋብቻ ይቋጭ ወይስ በመለያየት?

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የፍቅር ልብ ወለድ የሚሞክር ወጣት ብዙ ነው። አንዱ በደብተር ይጽፋል፣ ሌላው በስልኩ እየጻፈ ቴሌግራም ላይ በክፍል በክፍል ይለቃል። ረቂቃቸውን ይዘው የሚመጡ ወዳጆቼን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቃቸው የመጨረሻው ገጽ ነው። ይጋቡ? ይለያዩ? አንዱ ይሙት? ለምን ይህን እንደመረጡ ስጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ይሆናል፦ «ካላለቀሱ አይረሱትም» ወይም «አንባቢዬን ላሳዝነው አልፈልግም»። ሁለቱም ከልብ የመነጩ መልሶች ናቸው። ግን የሚያዩት የአንባቢውን ፊት ነው፤ ታሪኩን ዘንግተውታል።

እኔ አጥብቄ የምመክረው ሌላ ቦታ እንድታዩ ነው፦ በሁለቱ ፍቅረኞች መካከል የቆመው ነገር ምንድን ነው? መጨረሻውን የሚወስነው እሱ ነው። ደስታንና ሀዘንን ከማወዳደር በፊት ይህን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሱ። መልሱ ከጠፋባችሁ የመጨረሻውን ገጽ ለጊዜው ተዉትና ወደ ግጭቱ ተመለሱ፤ ግጭቱ ገና አልተወለደም ማለት ነው።

የቆመው ከውስጥ ነው ወይስ ከውጭ?

ከውስጥ የሚመጣ መሰናክል ኩራት፣ ፍርሃት፣ ጥርጣሬ፣ የተደበቀ ነገር ነው። ልጁ ይወዳታል፤ ግን ሥራ ሳይዝ ፍቅሩን መናገር ውርደት ይመስለዋል። ልጅቷም ትወደዋለች፤ ግን እናቷ ስትከዳ እያየች ስላደገች ወንድ አታምንም። እንዲህ ያለ ታሪክ በተፈጥሮው ወደ ደስታ ያዘነብላል፤ መሰናክሉን ማንሳት በራሳቸው እጅ ነውና። አንባቢው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ «ኧረ ተናገር!» እያለ ይከተላል፤ በመጨረሻ ልጁ አፉን ሲከፍት ደስታው የአንባቢውም ይሆናል።

ይኸው ታሪክ በሀዘን ካለቀ ደግሞ ሕመሙ ከሞት ይከፋል፤ መዳን እየቻሉ አልዳኑምና። ይህን ሀዘን ለመምረጥ ግን አንድ ነገር መሟላት አለበት። ልጁ የመናገር ዕድል ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ አንባቢው እያየው፣ ማግኘትና በገዛ እጁ ማሳለፍ አለበት። ያን ዕድል ሳትሰጡት ብታለያዩዋቸው አንባቢ የሚቆጣው በገጸ ባሕርዩ ሳይሆን በእናንተ ነው፤ ቁጣውም ልክ ነው።

መሰናክሉ ከውጭ ሲሆን፣ ማለትም ቤተሰብ፣ ድህነት፣ ስደት፣ ሕግ፣ ሕመም ወይም ጦርነት ሲሆን፣ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፦ ሁለት ሰዎች ሊያሸንፉት ይችላሉ? የአማርኛ ልብ ወለድ ሁለቱንም መልስ ከጥንት ያውቃል። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለውና በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታትሞ የወጣ ሲሆን፣ የሚጠናቀቀው በደስታና በጋብቻ ነው። በጦቢያና በወደዳት ንጉሥ መካከል የቆመው የሃይማኖት ልዩነት ነበር፤ ንጉሡ ሃይማኖቱን ሲለውጥ መንገዱ ተከፈተ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያል። በድሃው ልጅ በበዛብህና በፊታውራሪ ልጅ በሰብለ ወንጌል መካከል የቆመው ከአንድ ሰው ክፋት ይበልጣል፤ የዘመኑ የዘርና የማዕረግ ሥርዓት በሙሉ ነው። ያንን ሁለት ወጣቶች ብቻቸውን ሊንዱት አይችሉም። ስለዚህ ርዕሱ ገና ከሽፋኑ መቃብሩን ይነግረናል፤ አንባቢ ግን ይህን እያወቀም እስከ መጨረሻው ተስፋ ከማድረግ አያርፍም። ሀዘን ከተመረጠ እንዲህ ይመረጥ።

«ሃይማኖት ለያቸው» ለወሎ አንባቢ አይበቃም

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ተደጋግሞ የሚመጣ ረቂቅ ስለሆነ። እሷ ሙስሊም፣ እሱ ክርስቲያን፤ ቤተሰብ ከለከለ፤ ተለያዩ፤ አለቀ። ሌላ ቦታ ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ምክንያቱ በቂ ሊመስል ይችላል። ደሴ ውስጥ ሰኞ ገበያ ወይም ሆጤ ሰፈር ተወልዶ ያደገ አንባቢ ግን ወዲያው «አጎቴስ?» ብሎ ይጠይቃል። በወሎ አንድ የዘር ሐረግ ውስጥ ሁለቱም እምነቶች መገኘታቸው፣ አያት በአንዱ የልጅ ልጅ በሌላው መሆኑ እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ «ሃይማኖት» ብሎ ማለፍ እዚህ አገር ምክንያት አይሆንም። ይሄ አባት፣ በዚህ ጊዜ፣ ይህችን ልጅ ለምን ከለከለ? ታላቅ ልጁን በዚሁ መንገድ አጥቶ ይሆን? የመሬት ነገር ከጀርባው አለ? ያ ከተገለጠ መለያየቱ ይታመናል።

የደስታውም መጨረሻ ከዚሁ ጥያቄ አያመልጥም። «ሁሉም ተስማማ፣ ሰርጉም ደመቀ» ብሎ መዝጋት የወሎን ሰው ኑሮ ማሳነስ ነው። እዚህ አብሮ መኖር ሥራ አለው፤ ለሰርጉ ለሁለቱም ወገን የየራሱ ከብት ይታረዳል፣ ድስቱ ይለያል፣ የሚያስተናግደው ሰው የትኛው ሳህን ለማን እንደሆነ ያውቃል። ልጅ ሲወለድ ስሙ ማን ይሆናል የሚለው ጉዳይም ቀድሞ ይነሳል። ሁለቱ እናቶች አንድ ጓዳ ውስጥ ሁለት ድስት ጥደው ስለ ጨው ሲነጋገሩ አሳዩኝ፤ ስለ መቻቻል ከተጻፈ አንድ ገጽ ንግግር ይልቅ ያንን አምናለሁ።

አንድ ታሪክ፣ ሁለት መጨረሻ

ልዩነቱ እንዲታይ አንድ ታሪክ ፈጥሬ ሁለቱንም ልሞክርበት።

ሀያት ኮምቦልቻ ፋብሪካ ትሠራለች። ደረሰ ደሴ ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናዋ ግን የራሱ አይደለችም፣ የኪራይ ናት። እሑድ እሑድ ወይ እሱ በሚኒባስ ቁልቁል ይወርዳል፣ ወይ እሷ ወደ ደሴ ብርድ ፎጣዋን ደርባ ትወጣለች። አባቷ ሲታመም ዕዳ ይመጣል፤ ለሁለት ዓመት ሳዑዲ ሄዳ ልትሠራ ትወስናለች። «ጠብቀኝ» አላለችውም። «እጠብቅሻለሁ» ያለው እሱ ነው።

ላይ ላዩን መሰናክሉ ርቀት ይመስላል። ልብ በሉ ግን፤ ቃል የገባው ደረሰ ነው። የታሪኩ ጥያቄ ባሕር መሻገሩን ትቶ የደረሰ ቃል ላይ ይወድቃል። መጨረሻውም መመለስ ያለበት ይህንን ነው።

በደስታ የሚያልቀውን እንይ። ብዙ ጀማሪ እዚህ ሲደርስ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ሄዶ ያቃቅፋቸዋል። መተቃቀፉ ክፉ አይደለም፤ ግን የመጠበቁ ዋጋ የት አለ? እናቱ ሌላ ልጅ ስታጭለት እምቢ ያለበት ምሽት ይኑር። ሀያት «የራስህን መኪና ግዛበት» ብላ የላከችውን ገንዘብ ለአባቷ መድኃኒት ያዋለበት ቀን ይኑር። እነዚህ ካሉ የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ሊያጥር ይችላል፦

«ሀያት ደጃፉ ላይ ቆመች። ደረሰ መርፌው ላይ ክር እያስገባ ነበር።
‹መኪናዋ ያው ናት?›
ቀና ሲል ክሩ ከእጁ ወደቀ። ‹ያው ናት። ኪራይዋ ብቻ ጨመረ።›
ሻንጣዋን ከቅዳጅ ጨርቁ አጠገብ አስቀምጣ ተቀመጠች።
‹ነገ ሽማግሌ ልላክ?›
‹ነገ አባዬን ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ። ከነገ ወዲያ ይሁን።›»

ሰርጉ የለም፤ አያስፈልግምም። በእኛ አገር ከሰርጉ ይልቅ ሽማግሌ የሚላክበት ሰዓት ለደራሲ ይጠቅማል፤ ሰርግ የተወሰነ ነገር ነው፣ ሽማግሌ ግን እምቢ ሊባል ይችላል። ደስታ አደጋ ካለበት ቦታ ላይ ሲቆም ጣዕሙ ይቆያል።

አሁን የሀዘኑ። ደረሰን ሌላ ሴት ታግባው? ይህ ቀላሉ መንገድ ነው፤ ታሪኩን የክህደት ታሪክ ያደርገውና ሀያትን የተበደለች ሴት ብቻ አድርጎ ያስቀራታል። ከራሱ ከደረሰ ውስጥ የሚወጣ ሀዘን አለ። እሷ ገንዘብ በላከች ቁጥር እሱ እያነሰ ሄደ። አንድ ቀን ስልኩን አላነሳም፤ በሁለተኛው ቀን ትናንት ያላነሳው አሳፈረው፤ በሦስተኛው ደግሞ የሁለቱ ቀን።

«‹ለምን አታነሳም ነበር?›
‹ምን ይዤ ላንሳው?›
ሀያት መኪናዋን አየቻት፤ ያችው ናት፣ የኪራይዋ። ‹እኔ የጠየቅሁህ ነገር ነበር?›
‹አልነበረም።›
ከመንገዱ ማዶ ረዳቱ ‹ኮምቦልቻ፣ አንድ ሰው!› ሲል ሰማች።
‹በል ደህና ሁን› አለችው፤ ‹ሰው ሞልቶ ሳይሄድ።›»

ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ጉዞው ያው ነው፣ የስፌት መኪናዋም ያችው ናት። የትኛው ይሻላል ለሚለው መልሱ ያለው በመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። አንድ እሑድ ሀያት የሻይ ሂሳብ ስትከፍል ደረሰ ስቆ «በሚቀጥለው የእኔ ነው» ካለ፣ ሁለተኛው መጨረሻ ከየት መጣ ያሰኛል። ፊቱ ተለውጦ እስከ መናኸሪያው ድረስ ሳያናግራት ከሄደ ደግሞ የመጀመሪያው መጨረሻ ይህንን ኩራቱን የሰበረበትን ትዕይንት ይጠይቃል፤ ያለዚያ አይታመንም። ንግር የምንለው ይኸው ነው፤ መጨረሻው ሲመጣ አንባቢ ወደ ኋላ ተመልሶ «ለካ ያኔ!» የሚልበትን ዘር አስቀድሞ መዝራት።

የራሴን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ከደቡብ ወሎ ወደ አረብ አገር የሄዱ እህቶቻችን ታሪክ በልብ ወለድ ሲጻፍ ወይ በሬሳ ሣጥን ወይ በክህደት ሲያልቅ እጅግ ብዙ አንብቤያለሁ። መከራው እውነት ነው፤ መሸፈን የለበትም። ግን ሄደው፣ ሠርተው፣ ቤተሰብ አቁመው፣ የጠበቃቸውን ሰው ያገኙም አሉ፤ እነሱን የሚጽፍላቸው ጠፍቷል። በየወሩ ደውላ እናቷን የምታጽናና ልጅ ታሪኳ በደስታ ሲያልቅ ማንበብ ይገባታል።

ሀዘን ከመረጣችሁ ሞትን በመጨረሻ አስቡት

ብዙ ረቂቅ ላይ ሀዘን ማለት ሞት ማለት ሆኗል። የመኪና አደጋ፣ ድንገተኛ ካንሰር፣ የሰርጉ ዋዜማ። ያለ ንግር የመጣ ሞት አንባቢን ያስደነግጣል፤ ሀዘን ግን ከድንጋጤ ይለያል። «ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይባላል፤ አንጀት ድረስ የሚደርሰው ግን ሲመጣ እያየነው፣ ልናስቀረው እየፈለግን ያልቻልነው ነገር ነው።

የወሎ ጆሮ ይህን ከሙዚቃው ያውቀዋል። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ የተጠሩት በዚሁ በወሎ ቦታዎች ስም ነው። በእነዚህ ቅኝቶች የሚዜሙ የፍቅር ግጥሞች ውስጥ ፍቅረኛው ብዙውን ጊዜ አልሞተም። ሩቅ ነው፣ ወንዝ ማዶ ነው፣ ከሌላ ጋር ነው፣ አልመጣም። የሚናፈቀው ሰው በሕይወት አለ፤ ናፍቆቱም የማያልቀው ለዚህ ነው። የሀዘን መጨረሻ ለምትጽፉ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ሁለቱን በአንድ ከተማ አኑሯቸው፤ ደሴ ደግሞ በጦሳ ተራራ ሥር የተሰበሰበ ከተማ ነው፣ ሰው ከሰው መገናኘቱ አይቀርም። ከዓመታት በኋላ አራዳ ላይ ልጅ ይዛ ስታልፍ «ደህና ዋልክ» ብላው ብትሄድ፣ እሱን ከምትገድሉባት የበለጠ ይከብዳል።

ሞት ግዴታ የሚሆንበት ታሪክም አለ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር፣ ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነት ውስጥ በነበሩበት ጊዜ የሚካሄድ የፍቅር ታሪክ ከጻፋችሁ፣ ሁሉም ሰው ሳይነካ ወጥቶ የሚያበቃ መጨረሻ የሚያነቡትን ሰዎች ያስቀይማል፤ እነሱ እዚያ ነበሩ። በዚያው ልክ ግን እነዚያን ቀናት ለማስለቀሻ ብቻ መጠቀም ነውር ነው። ሁለቱ ተገናኝተው፣ ያጡትን ሰው አብረው የሚያስቡበት መጨረሻ ለዚህ ጊዜ ከሁለቱም ጫፎች ይሻላል እላለሁ።

ማን ያነበዋል፣ በምን መልክ?

ይህን ባጭሩ ልለፈው። በእንግሊዝኛው የመጽሐፍ ገበያ «ሮማንስ» የሚባለው ዘርፍ ተስፋ ያለው መጨረሻ ይጠይቃል፤ ገዢው መጽሐፉን የሚያነሳው ያንን አውቆ ነው። በአማርኛ እንዲህ ያለ ውል የለም፤ የፍቅር ታሪክ ተብሎ በሰርግም በመቃብርም ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ውሉን የምትገቡት እናንተ ናችሁ፣ ያውም በመጀመሪያዎቹ ገጾች። ቀልድና ሳቅ የሞላበት፣ እየተጣሉ የሚዋደዱ ሰዎች ያሉበት ታሪክ ጀምራችሁ በመጨረሻ አንዱን ብትቀብሩ ውል አፍርሳችኋል።

ርዝመቱም ይወስናል። አጭር ልብ ወለድ መለያየትን በደንብ ይሸከማል፤ አንባቢው ገና ግማሽ ሰዓት ነው አብሯቸው የቆየው፣ አንድ የተቆረጠ ስሜት ይዞ ይነሳል። በየሳምንቱ በክፍል እየተለቀቀ ወራት የፈጀ ታሪክ ግን ሌላ ነው። እነዚያ አንባቢዎች ሀያትን እንደ ዘመድ ይዘዋታል። መለየት ካለባቸው በአንድ ክፍል አትለዩዋቸው፤ መለያየቱ ራሱ ብዙ ክፍል ይፈልጋል። አስተያየት እያዩ መጨረሻውን መለወጥን ግን አልመክርም። የተከታዮቻችሁ ልመና የሚጠቅመው የትኛውን ገጸ ባሕርይ እንደወደዱ ለማወቅ ነው፤ ደረሰ ቃሉን ይጠብቅ አይጠብቅ እነሱ አያውቁትም።

ሁለቱም ያልሆነው ሦስተኛው

ደስታና ሀዘን የተቀላቀሉበት መጨረሻ አለ፤ ይገናኛሉ ግን አንድ ነገር አጥተው፣ ወይም ይለያያሉ ግን እያንዳንዳቸው ቆመው። ይህን እወደዋለሁ፤ ለብዙ ታሪክም ይስማማል። ክፍት መጨረሻ ላይ ግን ጥብቅ ነኝ። «ምን እንደሆነ ለአንባቢ ተውኩት» የሚለው ብዙ ጊዜ ከውሳኔ መሸሻ ነው። ክፍት መተው የሚቻለው የታሪኩ ጥያቄ ተመልሶ ክንውኑ ብቻ ሲቀር ነው። ደረሰ ቃሉን እንደጠበቀ ካወቅን፣ ሽማግሌዎቹ ምን እንደተባሉ ባናውቅም ይሆናል። ቃሉን መጠበቁ ራሱ ካልታወቀ ግን ታሪኩ አላለቀም።

በዚህ መንታ መንገድ ላይ ትልልቆቹም ቆመዋል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዲከንስ «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» የተባለውን ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1861 ሲጨርስ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ፒፕና የሚወዳት ኤስቴላ ከዓመታት በኋላ ለአፍታ ተገናኝተው ለዘለቄታው የሚለያዩበት መጨረሻ ጽፎ ነበር። ወዳጁ ደራሲ ቡልወር ሊተን መክሮት ለወጠው፤ በታተመው ላይ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይወጣሉ። የመጀመሪያው መጨረሻ ደራሲው ከሞተ በኋላ ይፋ ሲወጣ የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ተነሳ፤ እስከ ዛሬም አልበረደም። ለእኔ የቀድሞው ይበልጣል፤ መጽሐፉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ስለ ከንቱ ተስፋ ሲናገር ቆይቶ በመጨረሻ ተስፋውን መስጠቱ የራሱን ጥያቄ ያለሰልሰዋል። የተለወጠውን የሚደግፉትም የሚረባ ነገር አላቸው፤ ሁለቱም ሰዎች በመከራ ተለውጠዋልና ለመገናኘት ደርሰዋል ይላሉ። ክርክሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ በሁለቱ መካከል የቆመው ነገር ተነሥቷል ወይስ አልተነሣም የሚለው ላይ መሆኑን አስተውሉ።

አሁንም ካልቆረጠላችሁ

ሁለቱንም የመጨረሻ ገጾች ጻፏቸው፤ በሐሳብ ብቻ አታወዳድሩ፣ በወረቀት ይሁን። ከዚያ አንዱን ይዛችሁ ወዲያው የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንብቡ። ይህ መጨረሻ እውነት እንዲሆን በመጀመሪያው ምዕራፍ ውስጥ ምን መጨመር እንዳለበት በዳር በዳሩ ጻፉ። በሁለተኛውም እንዲሁ አድርጉ። ትንሽ እርማት የጠየቀው መጨረሻ ታሪኩ ራሱ ሲሄድበት የነበረው ነው። ብዙ እርማት የጠየቀውን ደግሞ ከወደዳችሁት መምረጥ ትችላላችሁ፤ ያን ጊዜ ግን ሥራው የሚጀምረው ከገጽ አንድ ነው።

ከዚያ ለአንድ ሰው አንብቡለት፤ ለጸሐፊ ወዳጃችሁ ሳይሆን ቤት ላለ ሰው፣ ለእናታችሁ ወይም ለታላቅ እህታችሁ። ከመጨረሻው ገጽ በፊት አቁሙና «ምን የሚሆን ይመስልሻል?» በሏት። ከእናንተ መጨረሻ ጋር የሚገጥም መልስ አትጠብቁ። የምትፈልጉት ምክንያቷን ነው። «አይ፣ እሱ ኩሩ ነው፣ አይደውልላትም» ካለች ደረሰ ተፈጥሯል ማለት ነው፤ የፈለጋችሁትን መጨረሻ ልትሰጡት ትችላላችሁ። «እኔ እንጃ፣ አንተው ታውቃለህ» ካለች የመጨረሻውን ገጽ መሳቢያ ውስጥ አስገቡና እሑድ ዕለት ሻይ ቤት የተቀመጡበትን ትዕይንት እንደገና ጻፉት።